በጅማ ቆላማ ቀበሌዎች ዕቀባ እርሻ እንዴት ይጀመራል?

ጅማ ሲባል ዝናብና የቡና ጫካ ይታሰባል። ወደ ግቤ ሸለቆ ወረድ ሲሉ ግን፣ በሶኮሩና በኦሞ ናዳ ቆላማ ቀበሌዎች፣ ዝናቡ ዘግይቶ ይገባል፤ ከገባም በኋላ መሀል ላይ ይቋረጣል። ሦስት አራት ጊዜ ታርሶ የለሰለሰ አፈር ያን ጊዜ እርጥበቱን ፀሐይ ትወስደዋለች፤ ዶፍ ሲጥል ደግሞ ታጥቦ ወደ ግልገል ግቤ ግድብ ይወርዳል።

ዕቀባ እርሻ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ አፈሩን በተቻለ መጠን አለመገልበጥ፣ በተረፈ ምርት መሸፈንና ሰብል ማፈራረቅ። ከሦስቱ ሽፋኑ ይበልጣል። ሳይታረስ፣ ሳይሸፈንም የተዘራ ማሳ ከታረሰው የባሰ ነው፤ የዝናብ ጠብታ የአፈሩን ፊት ይደፍነዋል፣ ውሃው ሳይሰርግ ይንሸራተታል። ሽፋን የማያገኝ ገበሬ ማረሻውን ባይተው ይሻለዋል።

በአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) ጀምሩ፣ ሰብሉም በቆሎ ይሁን። ጤፍ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ በሽፋን መሀል ለመብቀል ይቸገራል። ቀዩ አፈር ይስማማል፤ ውሃ የሚያቁር ሜዳማ ኮትቻ (ጥቁር ሸክላ አፈር) ግን ለጀማሪ አይሆንም፤ ሽፋኑ እርጥበቱን ይዞ ሥሩን ያበሰብሰዋል።

ማረሱን ከማቆማችሁ በፊት ሁለት ሥራ ጨርሱ። የጅማ ቀይ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። ፒኤቹ (የአሲዳማነቱ መለኪያ) ከ5.5 በታች ከሆነ ኖራውን በመጨረሻው እርሻ ከአፈሩ ጋር አዋህዱት፤ በኋላ ላይ ላዩን ቢበተን ወደ ሥሩ የሚወርደው እጅግ ቀስ ብሎ ነው። ሁለተኛው፣ ማረሻ ለዓመታት አንድ ጥልቀት ላይ ሲመላለስ ከሥሩ ጠጣር ንጣፍ ይፈጥራል። አፈሩ ሲርስ ቀጭን ብረት ሰክታችሁ ፈትሹ፤ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ አልገባ ካለ፣ የመዝሪያ መስመሩን ብቻ በዚያው ትልም ሁለት ጊዜ በማረሻ መላልሱት።

አሁን ወደ ሽፋኑ። ለአንድ ጥማድ ከ6 እስከ 7 ኩንታል ደረቅ አገዳ ያስፈልጋል። ችግሩ አገዳው መኖሩ ላይ አይደለም፣ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ማቆየቱ ላይ ነው። በቆሎው እንደተሰበሰበ ከብት ማሳውን እየዞረ ይግጣል፤ የተረፈው ለማገዶ ይሄዳል። «ከብት እንዳይገባ አጥር እጠሩ» የሚለው ምክር ለአብዛኛው ገበሬ አይሠራም። የሚሠራው ማካፈል ነው። ቅጠሉንና ጫፉን ለከብቱ ስጡ፤ እንጨት የሚመስለውን የታችኛውን አገዳ፣ ከብት ብዙም የማይወደውን፣ ለማሳው አስቀሩ። ስታጭዱ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ጉቶ ተዉ፤ ጉቶው የተነጠፈውን አገዳ ነፋስ እንዳይወስደው ይይዛል። የተቆረጠውን ቆጥ ላይ ከምሩና ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ከብት ከማሳ ሲከለከል፣ መልሳችሁ አንጥፉት። ካነሰ የቬቲቨር ሳር በድንበሩ ላይ ትከሉ፤ ሲጎለምስ ከብት አይደፍረውም፣ ታጭዶም ጥሩ ጉዝጓዝ ይወጣዋል። ከጎረቤት ጋር የግጦሽ ጊዜውን በዕድር ወይም በሽማግሌ ፊት መስማማት ከማንኛውም አጥር ይበልጣል።

መጠኑን በዓይን አትገምቱ፤ ዓይን ሁልጊዜ አብዝቶ ያያል። በ10 ሜትር ገመድ ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቋጠሮ አድርጉ፤ 100 ቋጠሮ ይሆናል። ገመዱን መስመሮቹን በሰያፍ አቋርጣችሁ ዘርጉና ከሥራቸው አገዳ ያለባቸውን ቋጠሮዎች ቁጠሩ። ሦስት ቦታ ደጋግሙ። አማካዩ ከ30 ካነሰ ጨምሩ፤ የሚጨመር ከሌለ የሚሸፈነውን መሬት ቀንሱ እንጂ አታሳሱት።

አረሙን ከመዝራት በፊት አጥፉ። የቤተሰብ ጉልበት ካለ መቆፈሪያው ይበቃል፤ ለአንድ ጥማድ መድኃኒት የግድ አይደለም። ሰርዶ የወረረው ማሳ ግን በእጅ ብቻ አይሸነፍም። ግላይፎሴት የተባለውን የአረም ማጥፊያ የምትረጩ ከሆነ የተለመደው መጠን ለጥማድ ሦስት አራተኛ ሊትር (0.75) በ50 ሊትር ውሃ ነው፤ ከምትገዙት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን አረጋግጡ። አረሙ ለምለም ሆኖ እያደገ ሳለ፣ ከመዝራት ከ7 እስከ 10 ቀን በፊት ይረጫል። ጓንትና ጭንብል አይቅር። በብዛት የሚያከሽፈው የደፈረሰ ውሃ ነው፤ ጭቃው መድኃኒቱን ይይዘውና አረሙ ሳይነካ ይቀራል። በስድስት ሰዓት ውስጥ ዝናብ ከጣለም ታጥቧል። ቡና አጠገብ ነፋስ ባለበት ሰዓት በፍጹም አትርጩ።

ለመዝራት አፈሩ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ እስኪርስ ጠብቁ። በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል ከ25 እስከ 30፣ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር። ለጥማድ 6 ኪሎ ገደማ ዘር ይበቃል። የእጅ መዝሪያ መሣሪያ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ እርጥብ ሸክላ አፈር አፉን ይደፍነዋል፣ ሹል እንጨት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ከበቀለ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅጠሉ ቢጫ ቢሆን ዘሩ ላይ አታሳብቡ። አገዳውን የሚያበሰብሱ ተሕዋስያን የአፈሩን ናይትሮጅን ተሻምተው ስለሚወስዱ ነው። የዩሪያ ማዳበሪያውን አገዳው ላይ አትበትኑ፤ ግማሹ ሳይጠቅም ሊተን ይችላል። አገዳውን ገለጥ አድርጋችሁ ከተክሉ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ ቅበሩትና መልሱት።

በሁለተኛው ዓመት ቦሎቄ ወይም አኩሪ አተር ተኩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ምርቱ ባይጨምር፣ እንዲያውም ትንሽ ቢቀንስ፣ የሚጠበቅ ነው፤ ቶሎ የሚታየው ጥቅም የበሬና የጉልበት ወጪ መቀነሱ፣ በደረቅ ሳምንታት ደግሞ ተክሉ ዘግይቶ መጠውለጉ ነው።

ምስጥ ባለበት ቦታ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ሽፋኑ እያለ ምስጡ ደረቁን ይበላል፤ ሲያልቅበት ወደ ቆመው በቆሎ ይዞራል፣ ሊደርስ የተቃረበውን ይጥለዋል። ስለዚህ በመስከረም ማሳውን እየዞራችሁ እዩ፤ ሽፋኑ ሳስቶ ከሆነ ጨምሩ፣ አገዳው መውደቅ ከጀመረ ግን እሸቱ እንደጠነከረ ሳትዘገዩ ሰብስቡና ቆጥ ላይ አድርቁት።