«መጀመሪያ ልተው፣ ከዚያ እሄዳለሁ» እና ሌሎች ስህተቶች

ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚረዳዱ ሰዎች ስብሰባ ላይ መገኘት ፈልጎ ሳይሄድ የሚቀር ሰው ብዙ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ደጋግሜ የምሰማቸውን ምክንያቶችና ከሄዱ በኋላ የሚሠሩ ስህተቶችን አንድ በአንድ እንያቸው።

«መጀመሪያ ልተው፣ ከዚያ እሄዳለሁ»

ስብሰባው የተዘጋጀው መተው ላቃተው ሰው ነው። በጣም የሚታወቀው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ፣ አክረን ከተማ ውስጥ የተጀመረው በሁለት ሰዎች ነው። አንዱ መጠጥ ካቆመ ገና ጥቂት ወራት ነበር። ሌላው፣ ሐኪሙ፣ ሲገናኙ እየጠጣ ነበር። ዛሬም አባል ለመሆን የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የማቆም ፍላጎት። ትናንት ማታ ጠጥተው ዛሬ አንጎበር ቢኖርብዎትም ይሂዱ። ጥግ ይዘው ያዳምጡ።

ሳይታከሙ በአንድ ሌሊት ማቆም

ይሄኛው ሊገድል ይችላል። ቀኑን በአረቄ የሚጀምር፣ ካልቀመሰ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ይረበሻል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ላብ፣ መንቀጥቀጥና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል ደግሞ ቀን ከሌሊት ሊምታታበት፣ የሌለ ነገር ሊያይና ሊሰማ ይችላል። በዚህ ጊዜ ቤተሰብ «ለከፈው» ብሎ በቀጥታ ጠበል ይወስደዋል። ጠበሉን አልቃወምም። በዚያ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው ምግብና መድኃኒት መከልከል ግን አደጋ ነው። ሐኪም የሚያረጋጋ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ሰጥቶ እየተከታተለ ሊያሻግረው ይችላል። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መሄድ ይቅደም፤ ጠበሉ ይደርሳል። እግረ መንገድዎን የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ስለ ቡድን ይጠይቁ። ስብሰባ ፍለጋ ለመጀመር ከዚያ የተሻለ ቦታ አይታየኝም።

«ሰው ያየኛል»

እውነት ነው፣ ከተማችን ትንሽ ናት። የባጃጁ ሹፌር የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ነርሷ የጎረቤት ልጅ ትሆናለች። ግን እየተንገዳገዱ ከግሮሰሪ ሲወጡም እኮ ሰው አይቷል! በስብሰባው ማን እንደመጣና ምን እንደተናገረ ውጭ አይወራም። የሚነገረው የራስ ስም ብቻ ነው፤ የአባት ስምና መሥሪያ ቤት አይጠየቅም። ይህ እርስዎንም ይመለከታል። ከስብሰባ የሚያውቁትን ሰው ጣና ዳር ከልጆቹ ጋር ሲንሸራሸር ካገኙት ሰላምታ ይበቃል። ሚስቱ «የት ትተዋወቃላችሁ?» እንድትል የሚያደርግ ወሬ አይጀምሩ። ወንድም ወይም እህት ይዘው መሄድ ካሰቡም አስቀድመው ይጠይቁ። አንዳንዱ ስብሰባ ለማንም ክፍት ነው፣ አንዳንዱ ለጠጪዎች ብቻ።

ሃይማኖት የሚያስለውጡ የሚመስላቸውም አሉ። ስለ አምላክ ይወራል፤ ሁሉም እንደየእምነቱ ነው። ክፍያም የለም። መዋጮ በፈቃድ ነው። የመመዝገቢያ ከተጠየቁ ይጠርጥሩ።

የኢንተርኔት ስብሰባን ሰዓት አለማስላት

በስልክ መሳተፍ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። ካሜራ መዝጋት፣ ስም መቀየር ይቻላል። ችግሩ ሰዓቱ ነው። የለንደን ስብሰባ «ከምሽቱ 8» ሲል በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይሆናል። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ገደማ ደግሞ እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚያስቀድሙ 4 ሰዓት ላይ ነው። ይህን ያልቆጠረ ሰው ገብቶ ባዶ ገጽ ያገኝና «ውሸት ነው» ብሎ ይተወዋል። እንግሊዝኛው ከከበደዎት ቡድን ለመመሥረት ሁለት ሦስት ሰው ይበቃል። አንድ ክፍልና ሻይ ካለ በአማርኛ መጀመር ይቻላል።

መምከር

እኛ ምክር እንወዳለን። ሰው ችግሩን ሲናገር «ልጄ፣ ስማኝ» ካላልን ያላዘንንለት ይመስለናል። እዚያ ግን እያንዳንዱ ስለ ራሱ ብቻ ያወራል፤ ሌላው አያቋርጥም፣ አይፈርድም። ገና 3 ቀን የሆነው ሰው 3 ዓመት የቆየውን ሲመክር ማየት ያስቃል፣ ግን ይደርሳል። መናገር ካልፈለጉ «ዛሬ ላዳምጥ» ማለት በቂ ነው። ማንም አይጫንዎትም።

በአንድ ስብሰባ መፍረድ

አንዱ ቡድን ወሬ ያበዛል፣ ሌላው ይጨፈግጋል። የተለያየ ቡድን ጥቂት ጊዜ ይሞክሩ።

ጠላን ከመጠጥ አለመቁጠር

ቢራና አረቄ ትቶ በጽዋ ማኅበር ጠላ የሚቀበል ሰው ብዙ ነው። «ለበረከት ነው» ይባላል። ጌሾና ብቅል ያለበት የፈላ ነገር አልኮል አለው፤ ሰውነት በረከቱን አይለይም። እንቢ ማለት የሚከብደው ሰው ፊት ጣሳ ከቀረበ በኋላ ነው። ስለዚህ በዋዜማው ለደጋሿ «እትዬ፣ ሐኪም ከልክሎኛል፣ ለእኔ ውሃ» ብለው ይንገሩ። ከቡድኑ ቆየት ያለ የአንድ ሰው ስልክ ቁጥርም ይያዙ። ድግሱ ቤት ከመግባትዎ በፊት ይደውሉለት፤ ሲወጡም እንደገና።