ያረጀ የከተማ ጎርፍ ማስወገጃ ቱቦ እንዴት ይጠገናል?

መንገድ ላይ ትንሽ ስርጉድ ያለ ቦታ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ አስፋልት ይጨመርበትና ይደፈናል። ከወራት በኋላ ያው ቦታ ተመልሶ ይሰረጉዳል፤ ተመልሶም ይደፈናል። ከሥሩ ያረጀ የጎርፍ ማስወገጃ ቱቦ ካለ ግን ጥፋቱ የአስፋልቱ አይደለም። ቱቦው በላላ መገጣጠሚያ ወይም በስንጥቅ በኩል በዙሪያው ያለውን አፈር እየተቀበለ ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጥቂት አፈር ይገባል፤ ጎርፉ ጠርጎ ይወስደዋል። በመጨረሻ ከአስፋልቱ በታች ባዶ ጉድጓድ ብቻ ይቀራል፤ ያን ጊዜ መንገዱን የሚጥለው አንድ ከባድ መኪና ነው።

ስለዚህ የጥገናው ሁሉ መነሻ አንድ እውነት ነው፦ ቱቦ ብቻውን አይቆምም። በተለይ እንደ ፕላስቲክና ሸንተረር ያለው ቆርቆሮ ያሉት ተጣጣፊ ቱቦዎች ክብ ሆነው የሚቆዩት በጎናቸው የተጠቀጠቀው አፈር ደግፎ ስለያዛቸው ነው። ቀዳዳውን ደፍኖ የሸሸውን አፈር ሳይተኩ መሄድ ግማሽ ጥገና ነው።

ሥራው የማዘጋጃ ቤትና የሠለጠነ ቡድን ሥራ መሆኑ ግልጽ ነው። ይህን የምጽፈው ቡድኑን ለሚመራ፣ ሥራውን ለሚቆጣጠር፣ ወይም በደጁ የሚካሄደው ቁፋሮ በአግባቡ እየተሠራ መሆኑን ለማወቅ ለሚፈልግ ነዋሪ ነው።

ቱቦውን ይወቁት

የድሮ ካርታዎች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። በወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ የተሰመረው ቱቦ መሬት ውስጥ ታጥፎ ሊገኝ ይችላል። ከላይ ባለው ማንሆል (ወደ ቱቦው መግቢያ ክዳን ያለው ጉድጓድ) ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ጉዳት የሌለው ቀለም ከውሃ ጋር ይልቀቁና ከታች በየትኛው ማንሆል እንደሚወጣ ይመልከቱ። በዚህ ቀላል ዘዴ የትኛው መስመር ከየትኛው እንደሚገናኝ ይታወቃል።

ዝናብ በሌለበት ቀንም ማንሆሉን ከፍቶ ማየት ይጠቅማል። በደረቅ ወቅት ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ የሚፈስ ከሆነ የከርሰ ምድር ውሃ በስንጥቅ እየገባ ሊሆን ይችላል። የሳሙና አረፋ ወይም የሽንት ቤት ሽታ ካለ ደግሞ አንድ ቤት ወይም ሕንጻ የቆሻሻ ፍሳሹን ከጎርፍ መስመሩ ጋር አገናኝቷል። ይህ ከጥገናው በፊት መፈታት አለበት፤ የጎርፍ ቱቦ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ወንዝ የሚሄድበት ቦታ ብዙ ነውና።

ማንም ሰው ዝም ብሎ አይግባ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ በዚህ ሥራ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው በቱቦው መፍረስ ሳይሆን በአየሩና በውሃው ነው።

የበሰበሰ ቅጠልና ደለል ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ሚቴንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ያመነጫል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በጥቂቱ ሲገኝ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ከፍ ሲል ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። «ሽታው ጠፍቷል» ብሎ መግባት ስለዚህ ለሞት የሚያበቃ ስሕተት ነው። ማንሆሉ እንደተከፈተ በመሣሪያ አየሩ ይለካ፤ መጀመሪያ ኦክስጅን፣ ቀጥሎ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ከዚያ መርዛማ ጋዝ። በተለመደው የሥራ ደንብ የኦክስጅን መጠን ከ19.5 በመቶ ማነስም ከ23.5 በመቶ መብለጥም የለበትም። ልኬቱ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይወሰድ፤ ጋዞች በክብደታቸው ተነባብረው ይቀመጣሉና። ሠራተኞች ውስጥ እስካሉ ድረስም መለካቱና አየር በማራገቢያ ማስገባቱ አይቋረጥ።

የሚገባው ሰው በገመድና በመታጠቂያ ከላይ ካለው ማንሻ ጋር ይታሰር፤ ከላይ የሚቆመው ጠባቂም ቦታውን ጥሎ አይሂድ፣ ተከትሎም አይግባ። ጓደኛውን ለማዳን ሲል ያለ መሣሪያ ዘሎ የሚገባ ሰው ሁለተኛው አስከሬን ይሆናል። በየአገሩ ደጋግሞ የታየ እውነት ነው።

ሌላው አደጋ ዝናብ ነው። ከራስዎ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይኛው ሰፈር የዘነበው ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ቱቦውን ሊሞላ ይችላል። የአየር ትንበያ ጠዋት ይታይ፤ ከላይኛው ማንሆል ዘንድም የሚያስጠነቅቅ ሰው ይቁም። እርግጠኛ መሆን ካልተቻለ ሥራው ለሌላ ቀን ይቆይ።

ማጠብና መመልከት

ቱቦው ሳይታጠብ ምንም አይታይም። ከፍተኛ ግፊት ያለው የውሃ ቧንቧ ከታችኛው ማንሆል ይገባና ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሲጎተት ደለሉን ወደ ታች ይዞ ይመለሳል፤ የመምጠጫ መኪናም ያነሳዋል። ወለሉ በዝገት የሳሳ ቱቦ ከሆነ ግፊቱ ይቀነስ፤ አለበለዚያ ማጽዳቱ ራሱ ይበሳዋል።

የወጣውን ደለል ሳያዩ አያስጥሉ። ቅጠል፣ ላስቲክና የመንገድ አሸዋ ከላይ የመጣ ነው። ቀለሙ የአካባቢውን የሥር አፈር የሚመስል ሸክላ ወይም የቱቦው መደላድል የሆነ ጠጠር ካለበት ግን ያ አፈር የገባው ከጎን ነው። ከቱቦው ውጭ ባዶ ቦታ እንዳለ ከዚህ የበለጠ ርካሽ ምልክት አላውቅም።

ከዚያ በጎማ የሚሄድ ካሜራ ይላካል። እያንዳንዱ ጉዳት ከማንሆሉ ያለው ርቀትና በቱቦው ዙሪያ ያለበት ቦታ፣ ማለትም በአናት፣ በወለል ወይም በጎን መሆኑ ይመዝገብ። ቦታው ስለ መንስኤው ይናገራል። በኮንክሪት ቱቦ ላይ ስንጥቁ በአናት፣ በወለልና በሁለቱም ጎኖች በቁመት ከሄደ ቱቦው ከላይ የተጫነውን መሸከም አልቻለም ማለት ነው። የቆርቆሮ ቱቦ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከወለሉ ይጀምራል፤ ውሃው የሚተኛውና ጠጠሩ የሚፍቀው እዚያ ነውና። መገጣጠሚያው ተከፍቶ ከበስተጀርባው ጥቁር ክፍተት ከታየ የሸሸው አፈር ቦታ ተገኘ። በአንጻሩ በኮንክሪት ላይ ያለ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ብቻውን ቱቦውን ለመጣል ምክንያት አይሆንም፤ ተመዝግቦ በየጊዜው ይታይ።

ሰው የሚገባበት ትልቅ ቱቦ ከሆነ ግድግዳውን በመዶሻ ቀስ ብሎ መምታት ብዙ ያስተምራል። ድምፁ ጠንካራ ከሆነ ከበስተጀርባው አፈር አለ፤ ቀፎ ድምፅ ከሰጠ ወይ ኮንክሪቱ ተላጧል ወይ ከኋላው ባዶ ነው። ከላይ ከመንገዱ ደግሞ መሬት ውስጥ በሚያይ ራዳር ወይም በቀጭን ብረት በመውጋት የባዶውን ስፋት መገመት ይቻላል። ብረቱን ከመውጋት በፊት በአካባቢው የመብራት፣ የውሃና የስልክ መስመር አለመኖሩ ይረጋገጥ።

የትኛው ጥገና?

ለውሳኔው ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ቱቦው አሁንም ክብ ነው ወይ? ቁልቁለቱንስ ጠብቋል ወይ? ሁለቱም መልሳቸው አዎን ከሆነ ሳይቆፍሩ ከውስጥ መጠገን ይቻላል። ቱቦው ከተደፈጠጠ ወይም መሃሉ ሰርጎ ውሃ የሚያቁር ከሆነ መቆፈር ግድ ነው፤ ከውስጥ የሚለጠፍ ሽፋን የአሮጌውን ቱቦ ቅርጽ እንዳለ ይቀበላልና የሰረገውን አያቃናም።

ችግሩ በጥቂት መገጣጠሚያዎች ብቻ ከሆነ በመርፌ የሚገባ ኬሚካል ወይም የሲሚንቶ ቅልቅል ከኋላ ያለውን ባዶ ሞልቶ ፍሳሹን ያቆማል። ወለሉ ብቻ የተበላ ሰፊ ቱቦ ከሆነ የብረት መረብ ተዘርግቶ አዲስ የኮንክሪት ወለል ይፈስበታል፤ ይህ ቀላልና ረጅም ዕድሜ ያለው ጥገና ነው። ቱቦው በሙሉ ርዝመቱ ከደከመ ደግሞ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ።

አንደኛው በአሮጌው ውስጥ ትንሽ አነስ ያለ አዲስ ቱቦ አስገብቶ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በሲሚንቶ ቅልቅል መሙላት ነው። የሚያስከፍለው ዋጋ ስፋት ነው። ከ600 ሚሊ ሜትር ወደ 500 ሚሊ ሜትር የወረደ ቱቦ በተመሳሳይ ቁልቁለትና ልስላሴ የሚያሳልፈው ውሃ ከቀድሞው 61 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ፕላስቲክ ከአሮጌ ኮንክሪት ስለሚለሰልስ ከዚህ ጉድለት ከፊሉን ይመልሳል፤ ሁሉንም ግን አይመልስም። ቀድሞም በዝናብ ጊዜ የሚጥለቀለቅ መስመር ላይ ይህን መንገድ አልመክርም።

ሁለተኛው በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ መሰል ፈሳሽ) የተነከረ ጨርቅ እንደ ካልሲ እየተገለበጠ ወደ ቱቦው እንዲገባ ማድረግ ነው። ጨርቁ ከግድግዳው ጋር ከተጣበቀ በኋላ በሙቅ ውሃ፣ በእንፋሎት ወይም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይደርቃል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኤሪክ ዉድ በ1971 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የጀመረው ዘዴ ሲሆን ስፋቱን የሚቀንሰው በጥቂቱ ብቻ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ሬዚኖች ስታይሪን የተባለ ኬሚካል አለባቸው፤ ስታይሪን ለሰው ሳንባም ለዓሣም ጎጂ ነው። ያደረቀው ውሃ ወደ ወንዝ ሳይለቀቅ ተይዞ ይወገድ፤ በአቅራቢያው ያሉ ቤቶችም ቀድመው ይነገራቸው።

ተቆፍሮ ሲጠገን

መጀመሪያ ውሃው ይዛወር። ከላይኛው ማንሆል ላይ በአየር የሚነፋ የጎማ መዝጊያ ይገባል፤ ውሃው በፓምፕ ከጉዳቱ ወዲያ ወዳለው ማንሆል ይሻገራል። መዝጊያው ከነግፊቱ ከተፈነጠረ ይገድላል፤ ከፊቱ ማንም አይቁም።

ጉድጓዱ ሲቆፈር ጎኑ ይደገፍ። ብዙ ደንቦች ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ከሚሆን ጥልቀት ጀምሮ ድጋፍ ያዝዛሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ተኩል ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል፤ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰውም መተንፈስ ያቅተዋል። የወጣው አፈር ከጉድጓዱ ጠርዝ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

ቱቦው ሲገለጥ የተሰበረውን ብቻ አይቁረጡ። በሁለቱም በኩል ጤነኛ ግድግዳ እስኪገኝ ሄደው ቀጥ አድርገው ይቁረጡ። በዚህ ጊዜ በቱቦው ጎንና ከሥሩ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ባዶ ካለ ይታያል፤ እስከ መጨረሻው ተከትለው ይክፈቱት ወይም የሚፈስ ቀጭን የሲሚንቶና የአሸዋ ቅልቅል ይሙሉት። ቅልቅሉ ቱቦውን ሊያንሳፍፈው ስለሚችል ቱቦው ይታሰር፤ ሙሌቱም በየደረጃው ይሁን።

ከሥሩ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጠጠር መደላድል ይነጠፍ፤ ቁልቁለቱም በውሃ ልክ ወይም በሌዘር ይረጋገጥ። የአካባቢው አፈር ደቃቅ ከሆነ ጠጠሩን ውሃ አሳልፎ አፈር በሚያስቀር ጂኦቴክስታይል በተባለ ጨርቅ ይጠቅልሉት፤ አለበለዚያ ደቃቁ አፈር በጠጠሩ መካከል ይሾልክና የድሮው ታሪክ ይደገማል። አዲሱ ቁራጭ ከአሮጌው ጋር በጎማና በአይዝጌ ብረት መያዣ ይገናኛል፤ መያዣው ለሁለቱም የውጭ ስፋት ልክ መሆን አለበት። መገጣጠሚያውን በሲሚንቶ ብቻ መለሰን አይበቃም፤ አፈሩ ጥቂት ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል።

አሁን የሥራው ልብ የሆነው ሙሌት ይመጣል፤ ሰዎች ደክመው መቸኮል የሚጀምሩትም እዚህ ላይ ነው። በቱቦው ሆድና በመደላድሉ መካከል ያለው ጠባብ ጥግ በእጅ መሣሪያ እየተወጋ ይሞላ፤ አፈር ከላይ ቢደፋ በራሱ ወደዚያ አይገባም። ከዚያ በሁለቱም ጎን እኩል እየሆነ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሜትር በሚሆን ንብብር እየተጠቀጠቀ ይሞላ። አንዱ ጎን ከቀደመ ቱቦው ይገፋል። ከቱቦው አናት በላይ 300 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪደርስ ከባድ መጠቅጠቂያ አይውጣበት። ያልተጠቀጠቀ ሙሌት ቀስ በቀስ ሰርጎ አስፋልቱን ይዞት ይወርዳል።

ካለቀ በኋላ

አስፋልቱ ከመነጠፉ በፊት ካሜራው በድጋሚ ይግባ፤ ውሃም ይለቀቅና በየትኛውም ቦታ አለማቆሩ ይታይ። ተጣጣፊ ቱቦ ከሆነ ሙሌቱ ካለቀ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ውስጡ ይለካ፤ በብዙ መመሪያዎች የስፋቱ መጨመቅ ከ5 በመቶ መብለጥ የለበትም። የጉዳቱ ቦታ፣ የተጠቀሙበት ዕቃና ጥልቀቱ በካርታው ላይ ይስፈር፤ ካሜራው የቀረጸው ምስልም አብሮ ይቀመጥ። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግስት ቦታውን በእግር ይጎብኙ፤ ገጹ ሰርጎ እንደሆነ ቀጥ ያለ ጣውላ አጋድመው ይዩ፤ በታችኛው ማንሆል ውስጥም አዲስ አፈር መከማቸቱን ይፈትሹ። አፈር ካለ ሌላ ቀዳዳ ቀርቷል፤ ካሜራው ይመለስ።