ፍለሽ እያሳደድኩ መበላቴን ያስቆመው ሒሳብ

ላስ ቬጋስ ውስጥ ሆልደም የሚባለውን ፖከር እጫወታለሁ፤ አስገዳጅ መነሻ ውርርዶቹ 1 እና 2 ዶላር የሆኑበትን። ለወራት ችግሬ አንድ ነበር፦ እስከ እኩለ ሌሊት ጥቂት በጥቂት የሰበሰብኩት በሁለት ዙር ብን ይላል።

መጀመሪያ ጠረጴዛ ቀየርኩ። ቀጥሎ ወንበር (አዎ፣ ገድ የለውም ብዬ)። ከዚያ ደካማ ካርታ ሁሉ መጣል ጀመርኩ፤ ይሄ ትንሽ ረዳ፣ ትልልቁ ኪሳራ ግን አልቆመም።

መላው የተገኘው ከ40 ዶላር በላይ የተበላሁበትን ዙር ሁሉ ስልኬ ላይ መጻፍ ስጀምር ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሳነበው አብዛኛው አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት፦ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ጋር አራት የልብ ካርታ ይዤ፣ ፍለሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች) እንዲሞላልኝ አምስተኛውን እየጠበቅኩ፣ ተርን (አራተኛው የጋራ ካርታ) ላይ ኮል ማለት፣ ማለትም የተወራረዱብኝን ያህል መክፈል።

ያላየኋቸው ካርታዎች 46 ናቸው፤ የሚጠቅሙኝ 9። 20 በመቶ እንኳን አይሞላም። ፖቱ (መሃል የተከማቸው ገንዘብ) ውስጥ 60 ዶላር እያለ ተጋጣሚዬ 60 ሲጨምር፣ እኔ 60 ከፍዬ 120 ለማግኘት ነው የምሞክረው። እንዲያዋጣኝ ግን ወደ 250 መኖር ነበረበት።

አሁን ቺፕ ከመንካቴ በፊት የምከፍለውን በ4 አባዝቼ ትንሽ እጨምራለሁ፤ ፖቱ ከዚያ ካነሰ እጥላለሁ። ፍለሹ ቢመጣ በሪቨር (በመጨረሻው የጋራ ካርታ) ብዙ የሚከፍለኝ ሰው ከሆነ ብቻ ላላ አደርገዋለሁ። ባለፈው ዓርብ እንዲሁ ጥዬ 7 ልብ ወጣች። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ።