ሎጉን ማን እንደጻፈው ሲጠፋ

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ኮምቦልቻ ያለው የእህል መጋዘን ሲስተም ገቢ መመዝገብ አቁሟል። እኔ ደሴ ነኝ። ሎጉን (ፕሮግራሙ የሚሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል) ስከፍት «ሩት፦ ፋይሉ አልተከፈተም» የሚል መስመር ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። የትኛው ፋይል? የትኛው ሞጁል (የኮዱ ክፍል)? ፋይል የሚከፍት ኮድ ሠላሳ ቦታ አለን። ጥፋቱን ያገኘሁት ሲነጋ ነው፤ የሚዛኑ ሞጁል ውስጥ ነበር።

ምክንያቱ፦ ሁሉም ሞጁል የሚጽፈው በሩት ሎገር ነበር። ሎገር መልእክቱን ወደ ሎጉ የሚልከው የኮድ ዕቃ ነው፤ ሩት ደግሞ የሁሉም ሎገሮች የጋራ ሥር ነው። ሰኞ ገበያ መሃል ቆማችሁ «ሙሐመድ!» ብትሉ ስንቱ ይዞራል? ሰውየው የሚለየው የአባቱና የአያቱ ስም ሲጨመር ነው። ሎገርም እንደዚያው ነው፣ ብቻ አቆጣጠሩ ከአያት ይጀምራል። «መጋዘን.ገቢ.ሚዛን» ሲባል ሚዛን የገቢ ልጅ ነው፣ ገቢ ደግሞ የመጋዘን። ዝምድናውን የሚፈጥረው ነጥቡ ስለሆነ በሰረዝ አትተኩት።

መፍትሄው፦ ፓይተን ላይ በየፋይሉ አናት ሎገር ስትፈጥሩ «__ኔም__» (ኮዱ ላይ __name__ ተብሎ የሚጻፍ) የሚባለውን፣ ግራና ቀኙ ሁለት ሁለት የታች ሰረዝ ያለውን ተለዋዋጭ ስጡት። የሞጁሉን ሙሉ ስም ፓይተን ራሱ ይሞላዋል። በእጅ የተጻፈ ስም ፋይሉ ሲዛወር እዚያው ይቀራል። ፎርማቱም (የሎጉ መስመር አጻጻፍ) የሎገሩን ስም እንዲያትም አድርጉ፤ ይሄን የሚረሳ ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ የሚዛኑን ሎገር ብቻ ዲበግ (ዝርዝሩን ሁሉ የሚጽፍበት ደረጃ) ላይ አድርጎ ሌላውን ዝም ማሰኘት ይቻላል። ያን ሌሊት ይሄ ቢኖረኝ እንቅልፌን እተኛ ነበር።

ሌሎች ሦስት የሎገር ችግሮችም አሉ። አንደኛው፦ ስሙ አለ፣ ግን የሌላ ነው። ጃቫ ላይ የሽያጭ ስህተት በግዢ ክላስ ስም ይወጣል። ኮፒ ፔስት ነው። የሎገሩን መስመር ከሌላ ክላስ ገልብጣችሁ ስሙን ሳትቀይሩ ቀርታችኋል። አስተካክሉት፤ ሎምቦክ (የጃቫን ተደጋጋሚ ኮድ ራሱ የሚጽፍ መሣሪያ) ካላችሁ ደግሞ በአኖቴሽን (ክላሱ አናት ላይ በሚጻፍ ምልክት) ራሱ ይሙላው።

ሁለተኛው፦ እያንዳንዱ መስመር ሁለቴ ይጻፋል። አብሽሩ፣ ቀላል ነው። የልጁ መልእክት ወደ ወላጁ ይወጣል፤ ሃንድለር (መልእክቱን ወደ ፋይል ወይም ወደ ስክሪን የሚያደርሰው) ሁለቱም ላይ ካለ ሁለቱም ይጽፋሉ። ሃንድለሩን ሩት ላይ ብቻ ተዉት።

ሦስተኛው፦ ሜሞሪ ቀስ በቀስ ይሞላል። የሎገሩ ስም ውስጥ የደንበኛ ቁጥር ከታችሁ እንደሆነ እዩ። ፓይተን አንዴ የፈጠረውን ሎገር ፕሮግራሙ እስኪዘጋ አይለቀውም፤ አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር አዲስ ሎገር ይጨመራል። የደንበኛውን ቁጥር ከስሙ አውጥታችሁ መልእክቱ ውስጥ ጻፉት።