የቤት ውስጥ ተክል አዳማ ላይ ሲጠወልግ፦ ችግርና መፍትሔ

አዳማ ውስጥ ሳሎን ጥግና በረንዳ ላይ የምናያቸው ተክሎች አብዛኞቹ ቻይ ናቸው፦ ስኔክ ፕላንት፣ መኒ ፕላንት (ፖቶስ)፣ ስፓይደር ፕላንት፣ ዜድ ዜድ፣ ድራሴና፣ እሬት። የከተማዋን ሙቀት ይችሉታል። የማይችሉት አፈራቸው ሳይታይ የሚደፋባቸውን ውኃ ነው። ቅጠል ሲጠወልግ የሁሉም ሰው እጅ ወደ ጆግ ይሄዳል፤ ግን የጠማው ተክልና ሥሩ የበሰበሰው ተክል ላይ ላዩን ሲታዩ አንድ ናቸው። ሥሩ የበሰበሰው መሳብ ስለተሳነው ውኃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። ውኃ ሲጨመርለት ያው ሞቱን ማፋጠን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አፈሩን ንኩ። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ፣ ማለትም 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አስገቡ። ላዩ ደርቆ ታቹ ጭቃ የሆነ ብዙ አለ፤ በተለይ በፕላስቲክ ዕቃ። ዕቃው ጥልቅ ከሆነ ቀጭን የእንጨት ስንጥር እስከ ታች ሰክታችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት። ርሶና አፈር ይዞ ከወጣ ታቹ ገና እርጥብ ነው። ዕቃውን ከፍ አድርጎ ክብደቱን መገመትም ይቻላል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እጅ ልዩነቱን ይለምደዋል።

ጠውልጓል ወይም ቢጫ ሆኗል፣ አፈሩ ግን እርጥብ ነው

ይህ የሥር መበስበስ ነው። በስኔክ ፕላንት ቅጠሉ ከሥሩ ለስልሶ ይወድቃል፣ ሲነካ እንደ በሰበሰ ድንች ይሰምጣል። በዜድ ዜድ ግንዶቹ ከታች ቢጫ እየሆኑ ይነቀላሉ። በመኒ ፕላንት የታችኞቹ ቅጠሎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ቢጫ ይሆናሉ።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው ነው። የቀለም ጣሳ፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ፣ ሁሉም ታቹ ድፍን ነው። በምስማር ወይም በድሪል ከ4 እስከ 6 ቀዳዳ አውጡለት፣ እያንዳንዱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። የማይበሳ ሴራሚክ ከሆነ ተክሉን ቀዳዳ ባለው ፕላስቲክ ተክላችሁ ፕላስቲኩን ሴራሚኩ ውስጥ አስቀምጡት፤ ባጠጣችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሴራሚኩ ሥር የተጠራቀመውን ድፉት። ከታች ጠጠር መደርደር ቀዳዳን አይተካም። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር ቶሎ ስለማይወርድ ረግረጉ ከጠጠሩ በላይ፣ ልክ ሥሩ ባለበት ቦታ ይያዛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተክሉን ከነአፈሩ አውጡና ሥሩን በቀስታ እጠቡት። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ክሬም መልክ ያለውና ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው ቡናማ ነው፣ ሲጎተት ቆዳው ይላጣል፣ ይሸታል። በአልኮል በተጠረገ ቢላ ወይም መቀስ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ድረስ ቁረጡ። ስኔክ ፕላንት፣ ዜድ ዜድና እሬት ከሆኑ ቁስሉ እንዲደርቅ ከ1 እስከ 2 ቀን ጥላ ውስጥ ተዉአቸው። መኒ ፕላንት ወዲያው ይተከላል። የዜድ ዜድና የመኒ ፕላንት ፈሳሽ ቆዳን ስለሚያሳክክ እጃችሁን ታጠቡ፤ ሕፃን ወይም ድመት ቅጠሉን እንዳያኝክም ተጠንቀቁ።

ለመልሶ መትከያ የሚሆነው አፈር፦ 2 እጅ የጓሮ አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ 1 እጅ ፑሚስ። ፑሚስ ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበት፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ልጆች ስለሆንን በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን። የአተርን ፍሬ እስከሚያክል ድረስ ያለውን ምረጡ፣ ዱቄቱን ነፍታችሁ ጣሉ። ለስኔክ ፕላንትና ለእሬት ፑሚሱን ወደ 2 እጅ አሳድጉት። ጥቁር የሸክላ አፈር ብቻውን አይሆንም፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አዲሱ ዕቃ ከሥሩ ክብ በ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይብለጥ። “ወደፊት ያድግበታል” ተብሎ ትልቅ ዕቃ ውስጥ የገባ ትንሽ ተክል ዙሪያውን ያለውን ውኃ ስለማይጨርስ ያው በሽታ ይመለስበታል። ስኔክ ፕላንትንና ዜድ ዜድን ለአንድ ሳምንት አታጠጡ።

ሥሩ በሙሉ ካለቀ የሚተርፈውን ቆርጦ ማባዛት ይሻላል። መኒ ፕላንት ቢያንስ አንድ አንጓ (ቅጠል ከግንዱ የሚወጣበት ቦታ) ያለው ቁራጭ ውኃ ውስጥ ከተቀመጠ በ2 ወይም 3 ሳምንት ሥር ይሰዳል፤ ውኃውን በየሳምንቱ ቀይሩ። የስኔክ ፕላንት ጤነኛ ቅጠል ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር እየተቆረጠ፣ ከ2 ቀን ማድረቅ በኋላ 3 ሳንቲ ሜትር ይቀበራል። የታችኛውን ጫፍ ምልክት አድርጉበት፤ ተገልብጦ የተተከለ ሥር አይሰድም። ጠርዙ ቢጫ የሆነው ዓይነት ግን በቅጠል ሲባዛ ቢጫውን ትቶ ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይበቅላል። መልኩን የምትፈልጉ ከሥሩ ከፋፍላችሁ ትከሉት።

ጠውልጓል፣ አፈሩም ደረቅ ነው፤ ውኃ ሲጨመር ወዲያው በታች ይወጣል

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት፣ በተለይ የከተማችን ነፋስ በሚያገኘው በረንዳ ላይ የሚከሰት ነው። አፈሩ ከመጠን በላይ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ከዕቃው ግድግዳ ይላቀቃል። ውኃው በክፍተቱ ይወርዳል እንጂ መሐሉን አይነካም። ባለቤቱ ከታች ሲፈስ አይቶ “ጠግቧል” ይላል።

ሳፋ ውስጥ የዕቃውን ሲሶ ያህል ውኃ አድርጋችሁ ዕቃውን ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት አቁሙት። ላዩ ሲረጥብ አውጡና እንዲንጠፈጠፍ ተዉት። ከዚያ ክፍተቱን በአፈር ሙሉት። ኮምፖስት የሌለበት አፈር ይህ ስለሚደጋገምበት በሚቀጥለው ክረምት ላይ ቀይሩት።

በየስንት ቀኑ ይጠጣ ለሚለው ቋሚ መልስ የለም። ዲያሜትሩ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ፕላስቲክ ውስጥ ያለ መኒ ፕላንት በበልግ ሙቀት በሳምንት አንዴ ወይም ከዚያ ቀድሞ ሊጠማ ይችላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያው ተክል ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ስኔክ ፕላንት አፈሩ እስከ ታች ካልደረቀ አይጠጣም። ሸክላ ከፕላስቲክ ቶሎ ይደርቃል።

የቅጠሉ ጫፍ ብቻ ደርቆ ቡናማ ሆኗል

ስፓይደር ፕላንትና ድራሴና ላይ ከሆነ ውኃውን ጠርጥሩ። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ወንጂ አካባቢ የሰው ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም ምክንያቱ ይኸው ነው። እነዚህ ሁለት ተክሎች ፍሎራይድን ይስባሉ፣ ውኃው በቅጠል ሲተን እሱ ጫፍ ላይ ይቀራል፣ ጫፉም ይሞታል። ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣው የቧንቧ ውኃ ከጉድጓድ ውኃ ይሻላል። ውኃን ማሳደር ክሎሪንን ያስወጣል፣ ፍሎራይድን ግን አያስወጣም። ማፍላት ደግሞ ጭራሽ ያከማቸዋል።

የሚበጀው የዝናብ ውኃ ነው። ክረምት ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የጣሪያውን አቧራ አጥበው እስኪወርዱ ጠብቁ፤ ከዚያ ከአሸንዳው በጀሪካን ወይም በሮቶ ያዙ። ክዳኑን ዝጉት፣ አለዚያ የወባ ትንኝ ማራቢያ ይሆናል። ለሁሉም ተክል ባይበቃ ለስፓይደር ፕላንትና ለድራሴና ብቻ አስቀሩት፤ ስኔክ ፕላንትና መኒ ፕላንት ያን ያህል ስሜት የላቸውም።

አፈሩ ላይ ወይም ሸክላው ውጪ ነጭ ቅርፊት ካለ ጨው ተከማችቷል። ላዩን 1 ሳንቲ ሜትር ገፍፋችሁ ጣሉና አፈሩን እጠቡት፦ 2 ሊትር ለሚይዝ ዕቃ ከ4 እስከ 6 ሊትር ውኃ ቀስ እያላችሁ አሳልፉ። የደረቀውን ጫፍ ስትቆርጡ ቀጭን ቡናማ ጠርዝ አስቀሩ፤ አረንጓዴው ከተነካ አዲስ ቁስል ይደርቃል።

ጫፉ የተቃጠለው ከማዳበሪያ በኋላ ከሆነ ምክንያቱን ሌላ ቦታ አትፈልጉ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ለእርሻ የተሠራ ነው። አንድ ቁንጥር ለአንድ ትንሽ ዕቃ ብዙ ነው። ፎስፌት ያለባቸው ማዳበሪያዎችም ፍሎራይድ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ለእነዚህ ተክሎች በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ 2 ሳንቲ ሜትር የበሰለ ኮምፖስት ላዩ ላይ መጨመር ይበቃል።

ቅጠሉ መሐል ነጣ ያለ ወይም የተቃጠለ ጠባሳ አለ

ፀሐይ ነው። ከውጭ አገር የሚመጡ ምክሮች “የደቡብ መስኮት ፀሐይ አለው፣ የሰሜኑ ጥላ ነው” ይላሉ። አዳማ ላይ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ነች። ከመስከረም ወዲያ ወደ ደቡብ ትሻገራለች። ታኅሣሥ ላይ ደህና የነበረ የሰሜን መስኮት ግንቦት ላይ ቅጠል ሊያቃጥል የሚችለው ለዚህ ነው። የምዕራብ መስኮት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ይከፋል። ተክሉን ከመስታወቱ 1 ሜትር አርቁ ወይም ስስ ነጭ መጋረጃ ጋርዱ። ጠባሳው አይድንም፤ አዲስ ቅጠል ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ቦታው ተስማምቶታል።

ሐረጉ ረዝሞ ሳስቷል፣ ቅጠሉ አነስተኛ ነው

ብርሃን አንሶታል። ቀን ላይ መብራት ሳይበራ መጽሐፍ የማይነበብበት ጥግ ለመኒ ፕላንትም ጨለማ ነው። ወደ መስኮት አቅርቡት፣ ረጅሙን ሐረግ ከአንጓው በላይ ቁረጡ፤ ከዚያ ያቆጠቁጣል። በበጋ አቧራም ብርሃን ይጋርዳል። ቅጠሉን በየሁለት ሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ዘይትና ወተት መቀባት አቧራ ማጣበቂያ ነው የሚሆነው።

ትንንሽ ዝንቦች፣ ጥጥ የመሰለ ነገር ወይም ስስ ድር

ከአፈሩ የሚነሱት ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች የሚራቡት ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ አፈር ነው፤ ከጀበና የተረፈ የቡና አተላ የሚደፋበት ዕቃ ደግሞ ተመራጫቸው ነው። አተላውን ጥረጉ፣ የላይኛው 3 ሳንቲ ሜትር እስኪደርቅ አታጠጡ፣ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ሻካራ አሸዋ ደርቡበት።

በቅጠልና በግንድ መጋጠሚያ ላይ የሚታየው ነጭ ጥጥ መሰል ነገር ተባይ ነው። 70 በመቶ አልኮል የነካ ጥጥ እያስነካችሁ አንሱት፤ በየሳምንቱ ለአንድ ወር ደጋግሙ፤ እንቁላሉ በአንድ ጊዜ አያልቅምና።

በደረቁ ወራት ቅጠሉ በጥቃቅን ቢጫ ነጥብ ተሞልቶ ከሥሩ ስስ ድር ከታየ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው። ነጭ ወረቀት ከታች ይዛችሁ ቅጠሉን መታ መታ አድርጉ፤ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ካለ እሱው ነው። ተክሉን ለብቻው አግልላችሁ የቅጠሉን ታች በሻወር እጠቡ። ቀጥሎ በ1 ሊትር ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጥብጡና በአንድ ቅጠል ላይ ሞክሩ። በማግስቱ ካልጎዳው ማታ ማታ ሁለቱንም ገጽ ርጩ፤ በ5 ቀን ልዩነት 3 ጊዜ። የልብስ ዱቄት ሳሙናም ሆነ ለቤት ዝንብ የሚረጨው ፍሊት ቅጠል ያቃጥላሉ።