የድሮ ቴፕ ስፒከር ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ብዙ ቤት ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ቴፕ አለ። እጀታ ያለው፣ ግራና ቀኙ ስፒከር፣ መሐሉ የካሴት በር፤ መብራት ሲጠፋ በትልልቁ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ። አንዳንዱን አባት ከሱዳን ይዞት ገብቷል፣ አንዳንዱ ከአዲስ አበባ በስጦታ መጥቷል። ሠርግና ክርስትና የደመቀበት፣ የሞተ ዘመድ ድምፅ የተቀረፀበት ዕቃ ስለሆነ ማንም ሊጥለው አይፈልግም። እኔም እንዲጣል አልፈልግም። ይህን የምጽፈው ግን ወደ እኔ ከሚመጡት ቴፖች መካከል ዕድሜ ካበላሸው ይልቅ እጅ ያበላሸው ስለሚበዛ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሳይመረምሩ በስፒከሩ ላይ መፍረድ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከቅዳሜ ገበያ በኩል ቴፕ በነጠላ ጠቅልለው መጡ። «ልጄ፣ የግራው ሞቷል ብለውኛል፤ አዲስ ግጠምልኝ» አሉኝ። የኤርፎን ጃክ አንሥቼ ከጎኑ ባለው ቀዳዳ አሥር ጊዜ ያህል ሰካሁ፣ ነቀልኩ። የግራው ስፒከር ጮኸ። በእነዚህ ቴፖች ወደ ስፒከር የሚሄደው ድምፅ በኤርፎኑ ቀዳዳ ውስጥ ባሉ ስስ የብረት ምላሶች በኩል ያልፋል፤ ኤርፎን ሲሰካ ምላሶቹ ይለያያሉ፣ ስፒከሩም ዝም ይላል። ምላሱ ከቆሸሸ ወይም ከዛገ ምንም ሳይሰካም ዝም ይላል። ቮልዩም ሲዞር የሚሰማው መንኮሻኮሽም ጥፋቱ የስፒከሩ አይደለም፤ ቮልዩሙ ውስጥ የገባ አቧራ ነው፣ በኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ይለቃል። እርግጠኛ ለመሆን የግራና የቀኙን ስፒከር ሽቦ ያቀያይሩ። ዝምታው አሁንም እዚያው ስፒከር ላይ ከቀረ ስፒከሩ ነው፤ ወደ ሌላው ከተሻገረ ችግሩ ከስፒከሩ በፊት፣ የቴፑ ቦርድ ወይም የኤርፎኑ ቀዳዳ ላይ ነው። ከዚያ ሽቦውን ነቅለው ኦሙን፣ ማለትም ለኮረንት ያለውን መቋቋም፣ በቴስተር ይለኩ፦ ባለ 8 ኦሙ ስፒከር ከ6 እስከ 7 ተኩል ገደማ፣ ባለ 4 ኦሙ ከ3 እስከ 4 ባለው ውስጥ ማሳየት አለበት። ቴስተሩ ጭራሽ ካላነበበ ኮይሉ (ማግኔቱ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ) ተበጥሷል። እማማ ለስፒከር የያዙትን ብር ይዘው ተመለሱ።

ለሙከራ ሶኬት ላይ ከመሰካትዎ በፊት የጀርባውን የቮልት መምረጫ ይመልከቱ። ከውጭ የመጡ ብዙ ቴፖች 110 እና 220 የሚል ማዞሪያ አላቸው። በ110 ላይ እንዳለ እኛ አገር ከተሰካ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ ስለ ስፒከር የሚወራ ነገር አይኖርም።

ብዙ ብር የሚያስወጣው ስህተት በዋትና በማግኔት ክብደት መግዛት ነው። ሰው አራዳ ገበያ ወርዶ «200 ዋት» የተጻፈበት የመኪና ስፒከር ይገዛል፤ ማግኔቱ የጀበና መቀመጫ ያክላል፣ እጅ ላይ ሲይዙት ደስ ይላል። ቴፑ ግን ለአንድ ጎን በእውነት የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ከ5 ዋት አይበልጥም። ስፒከር ላይ የሚጻፈው ዋት የሚችለውን ሸክም ይነግረናል እንጂ የሚያወጣውን ድምፅ አይነግረንም። ድምፁን የሚነግረን በዴሲቤል የሚጻፈው ቁጥር ነው። 84 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር 90 ዴሲቤል ከሆነው እኩል እንዲጮህ አራት እጥፍ ዋት ይፈልጋል። የድሮው ስፒከር ወረቀቱ (ፊት ለፊት እየተነቃነቀ ድምፅ የሚያወጣው) ቀላል፣ ጠርዙ ልል ስለሆነ በትንሽ ዋት ይናገራል። የመኪናው ከባድ ነው፣ ለመነቃነቅ ጉልበት ይጠይቃል።

ውጤቱን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። አንድ ወንድም እንዲህ ያለ ስፒከር አስገጥሞ መጥቶ የአዝማሪ ካሴት ከፈትን። ከበሮው ድም ድም ይላል፤ መሲንቆው ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚጫወት ይመስላል። ቀስቱ ጭራውን ሲፈትግ የሚሰማው ያ ሸካራ ድምፅ የለም። እንዲሰማ ብሎ ቮልዩሙን ጥግ ሲያደርሰው ደግሞ ይሰነጣጠቃል፣ የባትሪ ድንጋዩም ቶሎ ያልቃል። ለእኛ ዘፈን መሐለኛው ድምፅ ሁሉ ነገር ነው፤ የዘፋኙ ጉሮሮም መሲንቆውም እዚያ ነው ያሉት። ስለዚህ የፋብሪካው ወረቀት ደህና ከሆነ አይቀይሩት እላለሁ። መቀየር ግድ ከሆነ ከሌላ የተበላሸ ቴፕ የወጣ፣ ቀላል ወረቀት ያለው ስፒከር ከአዲሱ የመኪና ስፒከር ይሻላል። ከመግዛትዎ በፊት የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀትና የውስጡን ጥልቀት በማስመሪያ ይለኩ። ትልቅ ማግኔት የካሴቱን ማሽን ሊገፋ ይችላል፤ ካሴት አጠገቡ ከዋለ ደግሞ የተቀረፀውን ሊጎዳ ይችላል።

ኦሙን አለማየትም ያቃጥላል። ቴፑ 8 ኦም ከሚል ስፒከር ጋር ተሠርቶ 4 ኦም ከገጠሙለት ቦርዱ ከታሰበለት በላይ ኮረንት ያወጣል፣ ድምፁን የሚያጎላው የቦርዱ አይሲ ይግላል፣ አንድ ቀን ይሞታል። በተቃራኒው በ4 ፋንታ 8 ቢገባ ድምፁ ጥቂት ይቀንሳል እንጂ የሚጎዳ ነገር የለም። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከር ጎን ለጎን ሲያያዙ 4 እንደሚሆኑም አይርሱ።

አሁን ስለ ካቻቢቴ። ስፒከሩ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል፣ እርስዎ የጠርዙን ብሎን ያጠብቃሉ። ካቻቢቴው ትንሽ ሲንሸራተት ማግኔቱ ይስበዋል፣ ጫፉም ወረቀቱን በስቶ ይገባል። ከዓይን ጥቅሻ ይፈጥናል። ብሎን ሲያጠብቁ ወረቀቱ ላይ ወፍራም ካርቶን ይደርቡ፣ በሌላው እጅዎም የካቻቢቴውን አንገት ይያዙ። ከዚህ የባሰው የብረት ብናኝ ነው። የፊቱን ወንፊት ወይም ቀዳዳ በሞረድ የሚያሰፉ ከሆነ ስፒከሩን ከክፍሉ ያውጡት። ብናኙ በኮይሉና በማግኔቱ መሐል ከገባ ድምፁ ለዘለዓለም ይፋጫል፤ በእፍታ አይወጣም። ከላይ በኩል ያረፈውን ብቻ በሚያጣብቅ ፕላስተር እየነኩ ማንሣት ይቻላል።

የተቀደደ ወረቀት በሱፐር ግሉ ወይም በፕላስተር አይለጠፍም። ሱፐር ግሉ ያደርቀዋል፣ ከጎኑ እንደገና ይሰነጠቃል፤ ፕላስተሩ ደግሞ ሲሞቅ ይለቅና ይንጣጣል። የአናጢ ነጭ ኮላ በውኃ ያቅጥኑ፣ ስስ ሶፍት በጣትዎ ቀደው (በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ይታያል፣ በደንብም አይያያዝም) ከኋላ በኩል አንድ ድርብ ይለጥፉ፣ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። በሐምሌና በነሐሴ ሁለት ሌሊት ይስጡት። ጠርዙ ስፖንጅ ሆኖ እየተፈረፈረ ከሆነ ግን ልጥፍ አያድነውም፤ ጠርዙ በሙሉ ይቀየራል። በዚህ ጊዜ የሚሠራው ስህተት ወረቀቱን መሐል ላይ ሳያስተካክሉ ማጣበቅ ነው። ኮላው ሳይደርቅ በሁለት እጅ ጣቶች እኩል ወደ ታች ገፋ፣ ለቀቅ እያደረጉ ያዳምጡ፤ የመፋተግ ድምፅ ካለ በትንሹ ያንቀሳቅሱት።

ትንሿን ስፒከር፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣውን፣ ካፓሲተሯን ቆርጠው በቀጥታ አያያይዟት። ካፓሲተሩ ወፍራሙን ድምፅ የሚከለክልላት በር ነው፤ ያለ እሱ ትቃጠላለች። በአርባ ዓመት ውስጥ ግን ካፓሲተሩ ራሱ ይደክማል። ያው የማይክሮፋራድ ቁጥር ያለው፣ ፕላስና ማይነስ የሌለው አዲስ የፊልም ካፓሲተር ይተኩ። በእኔ እይታ ከሁሉም ማሻሻያ ወጪው ትንሽ፣ ለውጡ ትልቅ የሆነው ይህ ነው።

ፕላስና ማይነስ ማዛባት ደግሞ ቶሎ የማይታወቅ ጥፋት ነው። አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ከበሮው ይጠፋል፣ ሰውም ስፒከሩን ይረግማል። አንድ የ1.5 ቮልት ድንጋይ በሁለት ሽቦ ለቅጽበት ነካ ያድርጉ፤ ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ የድንጋዩ ፕላስ የነካው ጫፍ ፕላስ ነው። የሁለቱን ስፒከሮች ማይነስ ግን ከቦርዱ እንደመጣ ለየብቻ ይተዉት። በአንዳንድ ቴፖች ይህ ሽቦ ከግራውንድ ጋር የተያያዘ አይደለም፤ አንድ ላይ ከተቋጠረ አይሲውን ያቃጥላል።

ሲዘጉ ብሎኑን በኃይል አያጥብቁ፣ ያረጀ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። ስፒከሩ የተቀመጠበት ስስ የጨርቅ ቀለበት ከጠፋ በስስ ስፖንጅ ይተኩት፤ አየር በጎን ካመለጠ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል። ከዚያ በደንብ የሚያውቁትን ካሴት በመካከለኛ ቮልዩም አንድ ሰዓት ያጫውቱ። የወጣውን አሮጌ ስፒከር በጋዜጣ ጠቅልለው፣ የቴፑን ሞዴልና የጎኑን ስም ጽፈው፣ አይጥ የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት።