ቀድሞ ለጨረሰ ተማሪ ምን እንስጠው?

ጅማ ውስጥ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል ስልሳ ያህል ልጆች ይቀመጣሉ፤ ከእነርሱ መካከል ምዕራፉን ገና ሳልጀምረው የገባቸው ሁለት ሦስት አይጠፉም። ለእነዚህ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የምንላቸው «ጨረስክ? እንግዲያው ቀጣዮቹን ሃያ ጥያቄዎች ሥራ» ነው። ይህ ቅጣት ነው። ቶሎ መጨረስ ሥራ እንደሚያበዛበት የተረዳ ልጅ መንቀርፈፍን ይለምዳል።

እኔ ከፈተና እጀምራለሁ። ምዕራፉን ከመክፈቴ በፊት በመጨረሻው መልመጃ ካሉት ጥያቄዎች ከባድ ከባዶቹን አምስት መርጬ ለክፍሉ ሁሉ እሰጣለሁ። ለጎበዞቹ ብቻ ብሰጥ ጎበዝ ብዬ የማስባቸውን ብቻ አገኛለሁ። በከተማችን ቤቱ አፋን ኦሮሞ እየተናገረ በአማርኛ የሚማር ልጅ ብዙ ነው፤ ሐሳቡ ደርሶ ቃሉ የዘገየበትን ልጅ ሰነፍ እያልን እናልፈዋለን። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ በፈለገው ቋንቋ፣ በሥዕልም ቢሆን ያስረዳ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቡና ለቀማ ከትምህርት የሚቀረውም ልጅ ሲመለስ ይህንኑ ፈተና ይውሰድ።

አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ጆሴፍ ሬንዙሊ እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ላይ ይረዳል። ተሰጥኦ የሚገለጠው ከአማካይ በላይ ችሎታ፣ ፈጠራና በያዙት ሥራ መጽናት ሲገናኙ ነው ይላል። ሦስተኛውን፣ መጽናቱን፣ የውጤት ካርድ አያሳይም። ልጁ አንድ ጥያቄ ይዞ ለሳምንት ሲብሰለሰል ማየት ያስፈልጋል።

ፈተናውን ያለፈ ልጅ የሚያውቀውን አይድገም። የጎደለችውን ርዕስ ለይታችሁ እርሷን ብቻ ከክፍሉ ጋር ይማር፤ የተረፈው ክፍለ ጊዜ የእርሱ ነው። ያን ጊዜ በምን እንሙላው? የመምህሩ ትልቁ ሥራ ይህ ነው።

በመቶኛ ምዕራፍ የምሰጠው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ 100 ኪሎ ቡና 20 በመቶ እርጥበት አለው። እርጥበቱ 12 በመቶ እስኪደርስ በማድረቂያ አልጋ ላይ ቢሰጣ ስንት ኪሎ ይቀራል? ፈጣኑ ልጅ ስምንት ቀንሶ «92» ይላል። አላርመውም። «ውኃው ሲወጣ ያልተነካው ምኑ ነው?» እለዋለሁ። ውኃ ያልሆነው 80 ኪሎ እንዳልተነካ፣ አሁን ግን ከጠቅላላው 88 በመቶ እንደሆነ ሲደርስበት 80ን ለ0.88 ያካፍላል፤ 90.9 ኪሎ ገደማ ያገኛል። ፊቱ ሲለወጥ ማየት ደስ ይላል! እዚህ ግን አያበቃም። ለማንኛውም የእርጥበት መጠን የሚያገለግል ቀመር ይጻፍ። ከዚያ፦ የእርጥቡም የደረቁም ቡና የኪሎ ዋጋ እኩል ከሆነ ቡናውን ሳይደርቅ መሸጥ ማንን ይጠቅማል? ገዢውስ እርጥበቱን በምን ያውቃል? ለዚህ መጽሐፉ አይበቃውም፤ ቡና የሚያደርቁ ዘመዶቹን ወይም ነጋዴ ጠይቆ አንድ ገጽ ጽፎ ይመጣል።

ለኅብረተሰብ ትምህርት መምህራን የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ጅሬን ቅርባቸው ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን አስጠብቀዋል። ተማሪው መገበሩን የሚደግፍና የሚቃወም ሁለት አማካሪ ሆኖ ይጻፍ። የነገሥታት ስምና ዘመን ከመሸምደድ ይልቅ ይህ ያሳስበዋል።

ተማሪዎችን አንድ ለአምስት በቡድን ስናደራጅ ጎበዙን መሪ አድርገን እንተወዋለን። ሌላውን ማስረዳት ለራሱም ይጠቅመዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ግን ነጻ ረዳት መምህር ሆኖ መክረም የለበትም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ጎበዞቹን አንድ ላይ አስቀምጡ፤ መልሱን የሚሞግትበት እኩያ ያስፈልገዋል።

የቀረው የማርክ ጉዳይ ነው። የምዕራፉን ማርክ ከቅድመ ፈተናው ውሰዱለት፤ ለቡናው ጥያቄ በማርክ ፋንታ የጽሑፍ አስተያየት ስጡት። ከባዱን ሥራ መርጦ ውጤቱ ከዘጠና ወደ ሰባ ከወረደ በሚቀጥለው ምዕራፍ ቀላሉን ይመርጣል፤ ወላጆቹም ይህንኑ ይመክሩታል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እነርሱንም ጠርታችሁ አስረዱ።